ድርና ማግ፤ ስለ ሕፃናት ትምህርት ቤት የዓመት ዕቅድ የተነገረ ቃል



በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጳጕሜን ስትገባ፣ በሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የተለመደ ሥራ ይሠራል። የሒሳቡ መምህር መጽሐፉን በዐሥር ወር ይከፍለዋል፤ የአማርኛው መምህርም እንዲሁ ያደርጋል፤ የሳይንሱም የሥዕሉም መምህር ለየራሳቸው ከፍለው ሲጨርሱ ወረቀቱ ሁሉ ተሰብስቦ ከርእሰ መምህሩ ሣጥን ይገባል፤ ዕቅድ ማለትም ይህ ነው ይባላል። ነገር ግን እነዚህ የተለያዩ ወረቀቶች ሁሉ ተጕዘው የሚያርፉበት ስፍራ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ልብ ነው። ደወል በተደወለ ቍጥር ልጁ ስለ አንዱ ነገር የጀመረውን አሳብ ዘግቶ ሌላውን እንዲከፍት ይታዘዛል። በሒሳብ ሰዓት የሚቈጥረው ነገር በሳይንስ ሰዓት ከሚያየው ነገር ጋራ አይተዋወቅም፤ በንባብ ሰዓት የሚያነበውም ከሁለቱ ጋራ ዝምድና የለውም። ከቤቱ ሲወጣ ግን አንዲት ላም ሲያይ ላሚቱን በአንድ ጊዜ ያያታል እንጂ መጀመሪያ ቍጥሯን፣ ቀጥሎ ስሟን፣ ቀጥሎ የሆዷን ሥርዓት እየለየ አያያትም።

ከዚህ የተነሣ በብዙ አገር ያሉ መምህራን ሌላ መንገድ ፈልገዋል። ይኸውም ዓመቱን በመጻሕፍት ምዕራፍ ከመክፈል አስቀድሞ በጥቂት ታላላቅ ጥያቄዎች መክፈል ነው። አንድ ጥያቄ ተመርጦ ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት ይቆማል፤ ሒሳቡም፣ ንባቡም፣ የምድርና የሰማይ ትምህርቱም፣ ታሪኩም፣ የእጅ ሥራውም ያን ጥያቄ ለመፍታት በአንድነት ይሰለፋሉ። ልጁም የተነገረውን ሰምቶ ከመያዝ አልፎ ራሱ ይመረምራል፤ ይለካል፤ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ያገኘውንም ይጽፋል። ኦቪድ ደክሮሊ የተባለው የቤልጅግ ሐኪም በብሩክሴል ከተማ በ1907 በአውሮፓ አቈጣጠር ባቋቋመው ትምህርት ቤት (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመቱ በዚሁ አቈጣጠር ነው) ትምህርቱን በአራት የሰው ፍላጎቶች ዙሪያ ሰብስቦት ነበር፤ እነዚህም መብላት፣ ከብርድና ከዝናብ መጠለል፣ ከአደጋ መጠበቅ፣ መሥራትና ማረፍ ናቸው። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለው ድርጅት በ1997 ለትንንሽ ልጆች ባወጣው ሥርዓት ዓመቱ በስድስት ርእሶች ይከፈላል። በኢትዮጵያም ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የተፈጥሮውና የኅብረተሰቡ ትምህርት የአካባቢ ሳይንስ ተብሎ በአንድ መጽሐፍ ተሰጥቷል። ሆኖም ሁለት ትምህርቶችን በአንድ ልባስ መጠረዝ ሌላ ነው፤ ሁለት ትምህርቶችን ለአንድ ጥያቄ ማሰለፍ ሌላ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ቀረብ ብሎ ሊታይ የሚገባው ጆን ዲዊ የተባለው የፍልስፍና መምህር በጥር ወር 1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ሲከፈት ልጆቹ 16፣ መምህራኑ ሁለት ነበሩ፤ በ1902 ልጆቹ 140፣ መምህራኑ 23 ደርሰዋል። ዲዊ በ1904 ከዩኒቨርሲቲው ተለይቶ ሄደ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በሌላ መልክ እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ቤት የስድስት ዓመት ልጆች በእርሻና በቤት ውስጥ ሥራ ይጀምሩ ነበር። ከፍ ያሉት ደግሞ ሰው ከጥንት ጀምሮ ምግቡን፣ ልብሱንና ቤቱን እንዴት እያሻሻለ እንደ መጣ በገዛ እጃቸው እየሠሩ ይመረምሩ ነበር። ዲዊ በ1899 በታተመው «ትምህርት ቤትና ኅብረተሰብ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ልብስ የተደረገውን ምርመራ ተርኮታል።

ለልጆቹ ጥጥ ከነፍሬው፣ የበግ ጠጕርም እንደ ተሸለተ ተሰጣቸው። የተነሣውም ጥያቄ፣ የጥጥ ልብስ ሥራ ከሱፍ ልብስ ሥራ ኋላ የቀረው ስለ ምን ነው? የሚል ነበር። ልጆቹ ተቀምጠው ጥጡን ከፍሬው በጣታቸው ይለዩ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ደክመው ያገኙት ንጹሕ ጥጥ አንድ አውንስ እንኳ አልሞላም፤ ይህም 28 ግራም የማይደርስ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲለይ ቢውል ከአንድ ፓውንድ እንደማያልፍ ማመን አልቸገራቸውም። ቀጥሎም ሁለቱ ጠጕሮች ጎን ለጎን ታዩ፤ የጥጡ ሲሶ ኢንች ያህል፣ የበጉ ሦስት ኢንች ያህል ሆነ። ደግሞም የበጉ ጠጕር ሸካራ ስለ ሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ የጥጡ ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሱፉን መፍተል ይቀላል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ጣቶቻቸው ነገሯቸው። ዲዊም ራሱ ምክንያቱን ያወቀው ልጆቹ ሲነግሩት መሆኑን ሳያፍር ጽፏል፤ ይህም ለመምህራን ሁሉ መልካም ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ባልቴት ይህን ብትሰማ ትስቅ ይሆናል፤ ጥጡን በድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት መዳመጫ ስትዳምጥ፣ በደጋን ስትነድፍ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ስትፈትል ኖራለችና የቺካጎ ልጆች በግማሽ ሰዓት የደረሱበትን ነገር ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ነገር ግን የልጅ ልጇ አያውቀውም። ልጁ ነጠላውን ለብሶ ይሄዳል፤ ነጠላው ከምን እንደ ተሠራ ሲጠየቅ ከገበያ ነው ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ይህ ጥያቄ ወደ አጥቢያው ትምህርት ቤት ቢገባ ሌላ ገጽ ያወጣል፤ የመንዝ ደገኛ ከበግ ጠጕር በርኖስና ባና ሲሠራ ቆለኛው ጥጥ የሚለብሰው ስለ ምን ነው? ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህ የአገሩ ከፍታ፣ ብርዱና ሙቀቱ፣ የበጉና የጥጡ ጠባይ፣ የገበያው መንገድ ሁሉ ይፈለጋል። ልጁ የሚመዝነውና የሚለካው ሌላ ሰው አስቀድሞ ስለ ለካው ብቻ ተብሎ መተው የለበትም። በዲዊ መጽሐፍ የጥጥ ጠጕር ሲሶ ኢንች ተብሏል፤ ዛሬ በብዛት የሚዘራው የጥጥ ዓይነት ግን ጠጕሩ ከዚያ እጅግ ይረዝማል፤ 25 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። የአጥቢያው ልጅ በማስመሪያው ለክቶ ከመጽሐፉ የተለየ ቍጥር ሲያገኝ መምህሩ ሊደነግጥ አይገባውም፤ የታላቁ ሰው ቍጥርና የልጁ ቍጥር ስለ ምን ተለያዩ? የሚለው ነገር ራሱ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነውና።

ደግሞም ጥያቄ እውነተኛ ሲሆን መምህሩ ካሰበው ስፍራ አልፎ ይሄዳል። ጥጥን ከፍሬው መለየት ይህን ያህል ከባድ ከሆነ ሰዎች መሣሪያ አላበጁለትምን? ብሎ አንድ ልጅ ይጠይቃል። አበጅተውለታል፤ ኢላይ ዊትኒ የተባለው አሜሪካዊ በ1793 ባወጣው መኪና አንድ ሠራተኛ በቀን እስከ 50 ፓውንድ ጥጥ ይለይ ጀመር። ልጁም እንግዲያስ ድካም ቀነሰ ብሎ ደስ ይለዋል። የአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ በ1790 የነበሩት ባሮች 700,000 ያህል ሲሆኑ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ቀርበዋል። ጥጡን መለየት ስለ ቀለለ ጥጡን መትከልና መልቀም በረታ፤ ለቀማውም በባሮች ጫንቃ ላይ ወደቀ። በዚህ ስፍራ ሒሳቡና ታሪኩ አንድ ነገር ይሆናሉ፤ ሁለቱን ቍጥሮች ያላስተያየ ልጅ ነገሩን ሊያውቀው አይችልም፤ ነገሩን ያወቀ ልጅም ቍጥሮቹን አይረሳቸውም። መምህሩ ግን ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅና ለስንት ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚነገር መወሰን አለበት። ዕቅድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ልጅ እንዳይጠይቅ ለመከልከል አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሐሰተኛው ጥያቄ ነገር ይነሣ። በብዙ ትምህርት ቤት አንድ ርእስ ይመረጣል፤ ለምሳሌ ቡና ይባላል። በሒሳብ ሰዓት ልጆቹ የቡና ፍሬ ይቈጥራሉ፤ በሥዕል ሰዓት ጀበና ይሥላሉ፤ በአማርኛ ሰዓት ቡና የሚል ቃል ያለበት ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ በመዝሙርም ስለ ቡና ይዘምራሉ። ግድግዳው በወረቀት ያጌጣል፤ እንግዳም መጥቶ ያደንቃል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ምንም አልጠየቀም። የተቈጠረው ፍሬ ባቄላ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ አይለወጥም ነበር። ይህ ሰም ብቻ እንጂ ወርቅ የሌለው ቅኔ ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለያው እንዲህ ነው፤ ከርእሱ ውስጥ ሒሳቡን አውጥቶ ጥያቄው አሁንም ይፈታ እንደ ሆነ መመልከት ነው። ያለ ሒሳቡ የሚፈታ ከሆነ ሒሳቡ በዚያ ቤት እንግዳ ነውና ወደ ገዛ ሰዓቱ ይመለስ፤ በዚያም ይከበር። ትምህርት ሁሉ በየጥያቄው ይግባ ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። አንዱ ጥያቄ ሦስት ትምህርት ይፈልግ ይሆናል፤ ሌላው ሁለት ብቻ ይበቃዋል።

እውነተኛ ጥያቄ ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ እንዳይመስል ከቤት አንድ ምሳሌ ይጠራ። የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች፣ ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ቀን ሲውል ፋሲካ በየዓመቱ የሚዘዋወረው ስለ ምንድን ነው? ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን በሁለት ቃል መስጠት ይቻላል፤ ከተሰጠ ግን ምርመራው በዚያው ቀረ። ይልቅስ ሰማዩ በሚጠራበት በጥቅምት እያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይዞ ጨረቃን በየማታው እንዳያት አድርጎ ይሣላት። ሁለት ሦስት ወር ሲሥል ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከ ሌላው አንድ ጊዜ 29፣ አንድ ጊዜ 30 ሌሊት ያህል እንደሚሆን ያገኘዋል። እንግዲህ ስድስቱን በ29፣ ስድስቱን በ30 ቢያሰላ 354 ይሆንለታል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነውና 354 ሲነሣለት 11 ይተርፋል። ሊቃውንት አበቅቴን ለማግኘት ወንበሩን የሚያበዙበት 11 ይህ ነው፤ ልጁም ከራሱ ደብተር አገኘው።

ከዚያ ወዲያ መሪጌታው ወደ ክፍሉ ተጠርቶ ስሌቱን ያሳያቸው። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. እንዲህ ነው፤ 5,500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመርበት 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ ከትራፊው አንድ ሲነሣ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲበዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 አበቅቴ ይወጣል፤ በ19 ሲበዛ ደግሞ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 መጥቅዕ ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሙላታቸው ስሌቱ እንዳልተሳሳተ ምስክር ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ቀን እሑድ ነውና የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25 መባጃ ሐመር ይሆናል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሆነ፤ በ25 ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፣ በ30 ሲገደፍ 4 ነውና ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ሆነ። የማካፈልን ትራፊ በደረቅ ሰሌዳ ላይ ጠልቶ የነበረ ልጅ በዚህ ስፍራ ትራፊው ምን እንደሚሠራ ያያል፤ በሌላው ሒሳብ ሁሉ የሚጣለው ትራፊ በዚህ ሒሳብ ዋናው ነገር ነውና። ከዚያም እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበትን ዓመት አስልቶ ያ ዓመት የማን ወንጌላዊ እንደ ነበረ ለወላጆቹ ያቅርብ፤ ዓመተ ዓለሙን ለአራት አካፍሎ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ትራፊ ቢካፈል ዮሐንስ ነው።

እስከዚህ የተነገረውን የሰማ ወላጅ አንድ ፍርሃት ሊያድርበት ይችላል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ልጁ ጨረቃ ሲሥልና ጥጥ ሲፈለቅቅ ውሎ ፊደሉን መቼ ይማር? ይላል። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ፈተና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ተመላልሶ አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻለ ልጅ ጥያቄ ቢሰጠው ምን ያደርገዋል? መልሱ የተጻፈበት ሁሉ ተዘግቶበታልና የጓደኛውን አፍ ሲመለከት ይውላል። ምርመራ ይሉት ነገር ለሚያነቡት ልጆች ደስታ፣ ለማያነቡት ደግሞ መሸሸጊያ እንዳይሆን እጅግ ያስፈራል፤ ክፍሉ በጩኸትና በሥራ ሲሞላ የማያነበው ልጅ አይታይምና።

ስለዚህ ነገር የቅኔ ቤት ሥርዓት መልካም ምሳሌ ነው። የቅኔ ተማሪ ማታ ግሱን ያጠናል፤ ይኸውም ያለ ማወላወል በቃል የሚያዝ፣ በተራ የሚወርድ ነው። በማግሥቱ ግን ቈጠራ ወጥቶ ትናንት በማንም ያልተነገረ አዲስ ቅኔ ሊያመጣ ይገደዳል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ድረስ ሲወጣ በየቀኑ ሰዋስዉን፣ ታሪኩን፣ የመጻሕፍቱን ምሥጢር፣ የወፉንና የዛፉን ጠባይ በአንድ ላይ አሰናስሎ ካላመጣ መምህሩ ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ትምህርት የሚጋጠምበት ምርመራ ነው፤ ነገር ግን ግሱን ያላጠና ተማሪ ቈጠራ ቢወጣ ባዶውን ይመለሳል። ግሱን ብቻ ያጠናም ቢሆን ቅኔ ዐወቀ አይባልም። ባለ ሸማውም እንዲሁ ያደርጋል፤ አስቀድሞ ድሩን ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል። የሕፃናት ትምህርት ቤት ድር 231 የፊደል ገበታ፣ ንባብ፣ ጽሕፈትና አራቱ የሒሳብ ሥርዓቶች ናቸው፤ እነዚህ በየቀኑ በጠዋቱ ሰዓት በተራቸው ይሰጡ፤ የቱም ጥያቄ ቢያምር ይህ ሰዓት አይነካ። ጥያቄዎቹ ማግ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃቸዋል። ዲዊ ራሱ በ1938 ባወጣው መጽሐፍ የቀድሞውን ትምህርት ጠልተው ሥርዓትንና ተራን አብረው የጣሉትን መምህራን ነቅፏቸዋል።

አሁን ዓመቱ እንዴት ይከፈል? የውጭው ማኅበር ስድስት ርእስ ያቆማል፤ ለአጥቢያ ትምህርት ቤት ግን ሦስት ይበቃል፤ ቢበዛ አራት። ስድስት ጥያቄ የሚያነሣ ትምህርት ቤት አንዱንም ሳይጨርስ ሰኔ ይደርስበታል። ጥያቄው በየወሩ የሚቀመጠውም መምህሩ እንደ ተመቸው መሆን የለበትም፤ ወቅቱ ራሱ ያመጣዋልና። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ይታጨዳል፤ ይወቃልም፤ በገጠር ብዙ ልጆች ለአጨዳ ተጠርተው ከክፍል ይቀራሉ፤ መምህሩም ስማቸውን በቀሪ መዝገብ ይጽፋል። ይህ ወራት «ጤፉ ከማሳ እስከ ምጣድ የት የት ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ ቢሰጥበት የቀረው ልጅ በማሳው ላይ የክፍሉ መልእክተኛ ይሆናል። ከአጨዳ በኋላ በአንድ ክንድ ካሬ መሬት ላይ የረገፈውን ለቅሞ፣ ከአውድማው ገለባ አንድ እፍኝ አበጥሮ ያመጣል። አንድ ግራም ጤፍ ከ2,000 ቅንጣት በላይ ስለሚይዝ መቍጠር አይሞከርም፤ ጥቂቱን መዝኖ ብዙውን መገመት ግድ ይሆናል፤ ክፍልፋይ ማለትም በዚህ ጊዜ ትርጕም ያገኛል። ቁናና እንቅብ ከመንደር ወደ መንደር ልካቸው ስለ ምን እንደሚለያይም ነጋዴዋ ትጠየቅ።

የጥጡ ጥያቄ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ሰው ሁሉ ነጭ ሊለብስ ሲሰናዳ ቢነሣ ያምራል። የጨረቃው ደብተር በጥቅምት ተጀምሮ የፋሲካው ስሌት ከጾመ ነነዌ ቀጥሎ ይሠራል፤ ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ይኖራል፤ ይህም አይጎዳም። የሚያስቸግረው የዝናብ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ትልቁ የትምህርት ዕቃ ከሰማይ ሲወርድ ተማሪው የለም። ለዚህ መድኃኒቱ በሰኔ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ልጅ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮና ማስመሪያ አስይዞ መስደድ ነው፤ ልጁ ክረምቱን ሁሉ በየጠዋቱ የወረደውን በሚሊሜትር ለክቶ ይጽፋል፤ በመስከረምም ደብተሩን ይዞ ይገባል። እንዲህ ከሆነ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ጥያቄ ካለፈው ዓመት የተሻገረ ይሆናል። የሠላሳ ልጆች ደብተር በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ተራራ ሥር ያለው ቤትና ሜዳው ላይ ያለው ቤት የተለያየ ዝናብ አግኝተው ይታያል፤ አንዳንዱም ልጅ ሳይለካ የጻፈ መሆኑ ይታወቃል፤ ይህም ስለ እውነተኛ ምስክርነት ለማስተማር መልካም አጋጣሚ ነው።

መምህራንን በሚመለከት የቺካጎው ቤት አንድ ነገር ተምሯል። በመጀመሪያ ሁሉን የሚያውቅ አንድ መምህር ልጆቹን በሁሉ ቢመራ ይሻላል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ኋላ ግን ይህ አሳብ ተተወ፤ ሒሳቡን ሒሳብ የሚያውቅ፣ ታሪኩን ታሪክ የሚያውቅ እንዲያስተምር፣ ነገር ግን መምህራኑ ዘወትር እየተሰበሰቡ እንዲነጋገሩ ተደረገ። በሁሉ ጥቂት የሚያውቅ መምህር ልጁ ጠለቅ ብሎ ሲጠይቀው ይደርቃልና። ደግሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ 140 ልጅ ለ23 መምህራን ሲካፈል ለአንዱ ስድስት ያህል ልጅ ይደርሰዋል። ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል ለያዘ መምህር የዲዊን ቤት እንደ ነበረ አንሥቶ መስጠት ሸክም መጫን ነው። ስለዚህ የጐደለው መምህር ከአጥቢያው ሕዝብ መሞላት አለበት። ሸማኔው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፈታይዋ እናት እንዝርቷንና ሁለት ሰዓቷን፣ ገበሬው አውድማውን፣ መሪጌታው የባሕረ ሐሳቡን ስሌት ቢያበድሩ ስድሳው ልጅ በአምስት ወገን ተከፍሎ አምስት መምህር ያገኛል። እነዚህ ሰዎች ክፍያ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ማንም ጠርቷቸው አያውቅም።

እንግዲህ በጳጕሜን መምህራኑ ሁሉ አንድ ቀን ተሰብስበው ይቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄም አንድ ወረቀት ብቻ ይበቃል። በወረቀቱ ራስ ጥያቄው በልጅ ቋንቋ ይጻፍ። ከሥሩ የትኛው ትምህርት በእውነት እንደሚፈለግና ስለ ምን፣ ልጁ በእጁ የሚሠራው ምን እንደ ሆነ፣ ከአጥቢያው ማን እንደሚጠራ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚጀመርና እንደሚያልቅ ይጻፍ። ወደ ታች ግማሹ ገጽ ባዶ ይተው። ጥያቄው ሲያልቅ ልጆቹ በወላጆቻቸው ፊት ቆመው ያገኙትን ይናገራሉ፤ መምህሩም ያላጠኑትን አንድ ጥያቄ ይጨምርባቸዋል፤ ለምሳሌ መጥቅዕ 30 ሊሆን ይችላልን? ወይም የበግ ጠጕር እንደ ጥጥ ለስላሳ ቢሆን ኖሮ በርኖስ ይሠራ ነበርን? ይላል። ልጆቹ በዚያን ጊዜ የመለሱት፣ መመለስም ያቃታቸው፣ በባዶው ግማሽ ገጽ ላይ በዚያው ዕለት ይጻፍ። ወረቀቱም በሣጥን ተዘግቶ እንዳይቀር በሚመጣው ዓመት ያንኑ ክፍል ለሚይዘው መምህር በእጁ ይሰጠው።